የጠለለ ውሃ

እትዬ የዓለምወርቅ ክፉ አላሰቡም። ክፉ ቢያስቡ ኖሮማ ጸጸቱ እንዲህ ባላንገበገባቸው።

ከሸጎሌ ወዲያ ያለው መንደራቸው የሚኖረው በወንዙ ጎመንና ቆስጣ እያለማ ነው። ከላይ ያለው የቆዳ ፋብሪካ ደግሞ ዝቃጩን ይለቅበታል። ከብት ሞተ፣ የልጆች ገላ ቆሰለ፣ አቤቱታው ስንት ቢሮ ተንከራተተ። በመጨረሻ ባለሥልጣኖቹ፣ ውሃው ከነዝቃጩ በጠርሙስ ይምጣና ይመርመር አሉ። መንደሩ ወጣቱን ለታን ወከለ። ለታ በማለዳ ቀዳና ልብሱን እስኪቀይር ጠርሙሱን ለጎረቤቱ ለእትዬ የዓለምወርቅ አደራ ሰጠ።

እሳቸው እቴ፣ ብርጭቆውን ደጋግመው ሳያለቀልቁ ለሰው ውሃ ሰጥተው አያውቁም። ያን ጥቁር አተላ ሲያዩ ተሸማቀቁ። ይህ የተማረ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው? መንደሩን ምን ይሉታል? በነጠላቸው ጫፍ አጠለሉት፤ ጠርሙሱንም አጥበው መልሰው ሞሉና በፌስታል ጠቀለሉት። ለታ ሳያየው ይዞ በረረ።

ውጤቱ ሲመጣ ውሃው ደህና ነው ተባለ። ፋብሪካው ዝቃጩን እንደልቡ ለቀቀው። መንደሩም፣ ለታ ጉቦ በልቶ ውሃውን ቀይሮታል ብሎ ሰላምታ ነሳው፤ ሚስቱን ኢፍቱን ከወፍጮ ቤት ወረፋ ገፈተሯት። እትዬ የዓለምወርቅ ጥፋቱ የነጠላቸው መሆኑ ገባቸው። ቢናገሩ ውርደት ነው፤ ዝም ቢሉ የሰው ልጅ በእሳቸው ጦስ ሊጠፋ ነው።

እሑድ ዕድሩ ለታን ሊሰርዝ ሲሰበሰብ፣ እሳቸው ተነሡ።

«ለታ የለበትም። ውሃውን በነጠላዬ ያጠለልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ተቀድቶ ይወሰድ» አሉ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ተክለሃይማኖት ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። «እናታችን፣ ልጁን ለማዳን ብለው የእሱን ጥፋት በራስዎ ላይ ወሰዱ። እርስዎ ፊት ማን ይጨክናል? በቃ፣ ይቅር ብለነዋል።»

የምሬን ነው ብለው ቢምሉም የሚሰማቸው አጡ። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲል ስንት ነገር እንደሚል ሁሉም ያውቃል፤ ደግሞስ ማን የፋብሪካ ዝቃጭ ያጠልላል? የሌላ ጠርሙስ ነገር ያነሣ አልነበረም። ጸሎት ተደርጎ ተበተነ።

ለታ ደጅ ጠብቆ ጉልበታቸውን ሳመ። «ያላጠፉትን አጠፋሁ ብለው አዳኑኝ» አላቸው እያለቀሰ። «ግን እኔ አልበላሁም፣ እትዬ። የተገዙት መርማሪዎቹ ናቸው። እርስዎ እንኳ ይመኑኝ።»