የኒም መፋቂያ

"አደይ በለጡ፣ ይኼ መፋቂያ ነው ወይስ ሚስማር?" አለ ብሩኽ፣ ደም የነካው ምራቁን ከሱቋ ደጃፍ እንትፍ ብሎ። ጠዋት የሸጠችለትን የኒም እንጨት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

በለጡ አንስታ ነከስ አደረገችው። ልጁ እውነቱን ነው፤ ድርቅ ብሏል። ትናንት ከጓሮዋ ዛፍ ቆርጣ ደጅ ሰሌን ላይ ደርድራው ነበር። የሱዳኗ የዶካ ከተማ ፀሐይ ደግሞ እንኳን ቀጭን እንጨት ሰውም አያስተርፍ።

ከብሩኽ ኋላ የቆመው ትግሉ ነበር፣ ሰሊጥ አጫጆችን ሰብስቦ ወደ እርሻ የሚወስደው አለቃቸው። በየዓመቱ ሳሙናውንም፣ ክብሪቱንም፣ የጥርስ ብሩሹንም ለሁሉም የሚገዛው ከበለጡ ነው። ዘንድሮ ግን ብሩሽ አልሸጥም፣ መፋቂያ ውሰድ ብላዋለች።

"እትዬ በለጡ፣ እኔ ሰው ይዤ ነው የምሄደው" አለ። "ድዳቸው ከደማ የሚሰደበው እኔ ነኝ። ሎሪው ከሰዓት ይነሳል። እስከዚያ ደህና መፋቂያ ካገኘሽ ጥሩ። ካላገኘሽ ዕቃውን ሁሉ ከማዶው ባለሱቅ ከኢሀብ እገዛለሁ።"

"ከሰዓት ና።"

"ይኖርሻል?"

"ና አልኩህ እኮ።"

በለጡ እንዲህ ናት፤ አፏ ይቀድማል፣ እጇ ይከተላል። ሱቁን ከዓመት ዓመት የሚያቆመው የአጨዳ ገበያ ነው፤ ትግሉ ወደ ኢሀብ ከዞረ ሌሎቹም አለቆች ተከትለውት ይሄዳሉ። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ብሩሽ መልሳ ላትሸጥ ቆርጣለች። ባለፈው ክረምት ከገበያው ጀርባ ያለው ኾር፣ ያ የጎርፍ መውረጃ፣ በፕላስቲክ ታፍኖ ውሃው ሱቋ ገባ፤ ስኳሩም ዱቄቱም ጭቃ ሆነ። አካፋ ይዛ ስትጠርግ ከጠርሙሱና ከፌስታሉ መሀል የወጡት ቀይና አረንጓዴ ብሩሾች ራሷ የምትሸጣቸው ነበሩ። አጫጆቹ ከእርሻ ሲመለሱ እዚያው ነው የሚጥሏቸው። ያን ቀን የተናደደችውን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ጓሮ ስትገባ ባሏ ጋረደው የሎሪ ጎማ እየለጠፈ ነበር።

"ነግሬሻለሁ" አለ ቀና ሳይል። "አገራችን መፋቂያ ማን ያከማቻል? ጠዋት ከአጥር ቀንጠብ አድርገሽ፣ ፍቀሽ ትጥያለሽ። አንቺ እንደ ማገዶ ከምረሽ ልትሸጪ።"

"ቀልድህን ተውና መሰላሉን ያዝልኝ።"

"ዛሬም ልትቆርጪ? ዛፉን ራቁቱን ልታስቀሪው ነው?"

"ከየቅርንጫፉ ጫፍ ጫፉን ነው። ሲያቆጠቁጥ ታየዋለህ።"

ጋረደው እያጉረመረመ ያዘላት። ቆርጣ ስትጨርስ ውሃ ልትጠጣ ወደ ዚሩ ሄደች፣ ቀን ከሌት ወደሚያንጠባጥበው ትልቁ የሸክላ ጋን። በዚያ ሐሩር ከዚሩ ሥር ያለው አፈር እርጥብ ነው፤ ሣር ሳይቀር በቅሎበታል። ጣሳውን እንደያዘች ቆማ አየችው። ከዚያ የሰሊጥ ጆንያ አነጠፈች፣ እንጨቱን ደረደረችበት፣ በሌላ ጆንያ ከድና ጠብታው ላዩ ላይ እንዲያርፍ አስጠጋችው።

"እስቲ አሁን ይድረቅ" አለች።

ከሰዓት ትግሉ ብሩኽን አስከትሎ መጣ። ብሩኽ የሰጠችውን እንጨት ፈራ ተባ እያለ አኘከ። ጫፉ ወዲያው ፈታ ብሎ ለሰለሰ። ግራውን ፋቀ፣ ቀኙን ፋቀ፣ ተፋ።

"ይመራል" አለ።

"ደማህ?"

"አልደማሁም። ግን ኮሶ ነው የሚመስለው።"

"ትለምደዋለህ። ጫፉ ሲያልቅ ቆርጠህ ጣለው፤ ምስጥ ይበላዋል።"

ትግሉ ሳቀ። "በቃ፣ ለሁሉም ስጪኝ። ሳሙናውም ክብሪቱም ካንቺው ይሁን።" ወዲያው ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። "ቆይ፣ ሎሪው ላይ እኮ ጥላ የለም። እርሻው ሳንደርስ ተመልሶ ይደርቃል።"

ኢሀብ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሲሰማ ቆይቷል። ገበያ ቢሻሙም ክፉ ጎረቤት አይደለም፤ ሁለት ትልልቅ ፌስታሎች ይዞ ተሻገረ።

"ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ ውሃ ረጭተሽ እሰሪው። ወላሂ፣ እስከ ነገ አይደርቅም።"

"ይኼማ ግሩም ነው" አለ ትግሉ። የሎሪው ጡሩምባ ጮኸ። "ቶሎ በይ፣ እትዬ።"

በለጡ ፌስታሎቹን ተቀበለች። እርሻው ላይ ሲጣሉ፣ ነፋስ ሲያንከራትታቸው፣ በክረምት ደጇ ሲመጡ ታያት።

"ሹክራን፣ ልጄ" ብላ ለኢሀብ መለሰችለት።

ከዚያ እንደ ነጠላ የተከናነበችውን ቶብ ከትከሻዋ ፈታች። ጋረደው ለፋሲካ ከገዳሪፍ ያመጣላት ሰማያዊ የጥጥ ቶብ ነው። ጠርዙን በጥርሷ በጠስ አድርጋ መሀል ለመሀል ቀደደችው።

"የፋሲካውን?" አለ ጋረደው፣ ከጓሮ በር ላይ።

"ጥጥ ነው" አለች፣ ጨርቁን ባልዲ ውስጥ እየነከረች። መፋቂያውን ጠቅልላ ጥብቅ አድርጋ አሰረችና ለትግሉ አስረከበችው። "መንገድ ላይ ውሃ አርከፍክፍበት። ጨርቄን ደግሞ ሳትመልስልኝ እዚህ ደጅ እንዳትደርስ።"

በቀረው ግማሽ ቶብ ራሷን ሸፍና ሳሙናውን ልታወርድ ወደ መደርደሪያው ዞረች።