ቁጥሩ በሁለት የሚያልቅ ሸክላ

ወንዶሰን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ራጅ ሲያነሳ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። አጥንት ላይ ያለ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ እንኳ አያመልጠውም። ያመለጠችው አንዲት ሸክላ ብቻ ናት።

ሸክላዋ በ1965 የታተመች፣ ዳምጤ የሚባል ዘፋኝ የተጫወተባት፣ በየገጿ አንድ አንድ ዘፈን ብቻ የምትይዝ ትንሿ ዓይነት ናት። ዘፈኑ «መርከቡ ሳይመጣ» ይባላል። ወንዶሰን ሦስት ቅጂ አለው። ሦስቱም ላይ ያው ሰማያዊ ወረቀት፣ ያው ጽሑፍ ተለጥፏል፤ በሦስቱም ላይ አዝማቹን የሚቀበሉት ወንዶች ናቸው። እሱ ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንዴ ብቻ፣ ይህንኑ ዘፈን ሴቶች ሲቀበሉት በሬዲዮ ሰምቷል።

ይህን ነገር በሸክላ ሰብሳቢዎች የቴሌግራም ቡድን ላይ ባነሳ ቁጥር መሳቂያ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው ኤልናታን በተለይ አይምረውም። «ወንዴ፣ የጋምቤላ ሙቀት ነው እንዲህ የሚያናግርህ። ካለ አሳየና!» ይለዋል።

ወንዶሰን ማስረጃ ነበረው፤ ግማሽ ማስረጃ። መርፌው ዘፈኑን ጨርሶ የሚያርፍበት፣ በወረቀቱ ዙሪያ ያለ ለስላሳ ቀለበት ላይ አታሚዎቹ ጥቃቅን ቁጥር ይጭራሉ፤ የመጨረሻው አኃዝ ስንተኛ ቀረጻ እንደሆነ ይናገራል። ሦስቱን ሸክላዎች የራጅ ፊልም ከሚያይበት ብርሃን አጠገብ ዘንበል እያደረገ ሲያነባቸው የሁሉም ቁጥር በሁለት ያልቃል። ሁለት ካለ አንድ መኖር አለበት። ታዲያ የት ገባ?

አንድ ቀን መድኃኒት የሚያመላልሰው ሾፌር ጋትኩዋት ድንበር አጠገብ ካለችው ማታር ከተማ ደወለለት። «ያ ሰማያዊ ሸክላ እዚህ አለ። እትዬ ማሚቱ ሱቅ፣ ግድግዳ ላይ።»

«ቀለበቱን ፎቶ አንሳልኝ! ቁጥሩን!»

የመጀመሪያው ፎቶ ከሁለት ቀን በኋላ ገባ። የስልኩ ብርሃን ልክ ቁጥሩ ላይ አርፎ ነጭ አድርጎታል። በሁለተኛው ላይ የጋትኩዋት አውራ ጣት ተጋድሟል። በሦስተኛው ደግሞ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ሸክላውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከሩቅ ፈገግ ብለዋል።

«ቁጥሩን ነው ያልኩህ እኮ!» ብሎ ጮኸ ወንዶሰን።

«ቁጥር እምቢ አለ፤ እኔ ምን ላድርግ? ራስህ ና፣ እይ» አለው ጋትኩዋት፣ እሱም ተናዶ።

መንገዱ ጭቃ ስለነበር እስኪደርቅ ሁለት ወር ተኩል ጠበቀ። በታኅሣሥ ፈቃድ ወስዶ፣ ባትሪ የሚበላ የሸክላ ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጋትኩዋት ጎን ተሳፈረ። ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ላይ መድኃኒቱን የሚረከብ ሰው ጠፍቶ ግማሽ ቀን አቃጠሉ። ከዚያ ጎማ ፈነዳ። ማታር ሲደርሱ ወንዶሰን ከአቧራው ይልቅ ንዴቱ አንቆት ነበር።

እትዬ ማሚቱ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና የእጅ ባትሪ ይሸጣሉ። የመጣበትን ሲነግራቸው ሳቁ።

«ለዚች ብለህ ነው? እኔና ጓደኛዬ ሺታዬ እኮ ነን የተቀበልናት! አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለሁለታችን አንድ ሸክላ ሰጡን። ባሌ እዚህ ሲመደብ ይዣት መጣሁ። ማጫወቻ ኖሮኝ አያውቅም፤ ግን ለገባው ሁሉ፣ ይቺ የኔ ድምፅ ናት እላለሁ።»

ወንዶሰን ሸክላዋን ከግድግዳው አወረደ፤ በር ላይ ወጥቶ ለፀሐይ ዘንበል አደረጋት። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ታየው። በሁለት ያልቃል።

 የሰው ፊልም ላይ ክፉ ነገር ሲያይ ፊቱን መቆጣጠር ለምዷል፤ አሁንም ተቆጣጠረ።

«በል አጫውታት» አሉ እትዬ ማሚቱ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

«ባትሪው... ባትሪው አልቋል እትዬ።»

«ባትሪ የምሸጠው እኔ!» አሉና ስድስት የባትሪ ድንጋይ ከመደርደሪያው አወረዱለት።

ማምለጫ አልነበረውም። መርፌውን አስቀመጠ። ዳምጤ ዘፈነ፤ እትዬ ማሚቱ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ አዝማቹን ጠበቁ። አዝማቹ መጣ። ወንዶች ተቀበሉ።

ጣታቸው ቆመ። 

«እኔስ?» አሉ በመጨረሻ።

ወንዶሰን ስለ ቁጥሮቹ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አላስጨረሱትም። «ለአርባ ምናምን ዓመት ስዋሽ ኖርኩ በለኛ! ምነው ማጫወቻህን እዚያው ጋምቤላ ብትተዋት?» ብለው ጮኹበት። ከዚያ ድንገት ስልካቸውን አነሱ። «ሺታዬ ለሰርጓ ተውሳት ነበር።»

ሺታዬ የሚኖሩት ጎሬ ነው። ሦስት ጊዜ ከተቆራረጠ በኋላ ድምፃቸው ገባ።

«ሺታዬ፣ ለሰርግሽ የወሰድሻትን ሸክላ ሌላ ነው የመለስሽልኝ!»

«አይ ማሚቱ፣ ያንቺኑ የመለስኩ መስሎኝ ነው። ባለቤቴም ያኔ አንድ ገዝቶ ነበር፤ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ በምን ልለያቸው?»

«የዳምጤ አይደለም እንዴ ሥራው!» ብለው ቀጠሉ ሺታዬ። «ሴቶቹ ድምፄን ሸፈኑት ብሎ በወንዶች ደግሞ አስቀረፀው ሲባል አልሰማሽም?»

ወንዶሰን ስልኩ ላይ አጎነበሰ። «እትዬ ሺታዬ፣ እርስዎ ዘንድ የቀረችው ሸክላ አሁን የት አለች?»

«አለች። ልጄ ሶልያና በፈላ ውሃ አለስልሳ ሳህን ሠራቻት። ሎሚ እናደርግባታለን።»

ወንዶሰን ከሱቁ ወጥቶ አንድ የሳሙና ካርቶን በእርግጫ መታ። ካርቶኑ ባዶ ስላልነበር እግሩን አመመው።

ሶልያና ያነሳችው ፎቶ በዚያው ቀን ገባ፤ ለዓመታት ከለመናቸው ፎቶዎች ሁሉ ይሄኛው ጥርት ያለ ነበር። ጠርዟ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተጣጠፈ ጥቁር ሳህን፣ መሃሏ ላይ ሰማያዊ ወረቀት፣ በወረቀቱ ዙሪያ በአንድ የሚያልቅ ቁጥር። ለቡድኑ ላከው። ኤልናታን ብዙ ቆይቶ መለሰ። «እሺ፣ አንድ ነው። ግን ሴቶቹ መኖራቸውን በምን እናውቃለን? እስቲ አጫውታት።»

ሳህኗ በሰው እጅ ከጎሬ ጋምቤላ ስትደርስ ወንዶሰን ዘጠኝ ቀን ቤቱ አስቀመጣት። እንደገና ሞቃ ብትዘረጋ ብሎ አንድ ማታ ውሃ ጥዶም ነበር። ድምፁን የያዙት መስመሮቿ ቢቀልጡ ቁጥሩም አብሮ እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ አወረደው። በአሥረኛው ቀን ሳህኗን ለጋትኩዋት ሰጠው።

«ለዚች ነው ጎማ የፈነዳብኝ?» አለ ጋትኩዋት ሳህኗን እያገላበጠ።

«ለእትዬ ማሚቱ ስጣቸው። እንዳትሰብራት ብቻ።»

እትዬ ማሚቱ እንደደረሰቻቸው ደወሉ፤ ድምፃቸው ለስልሷል። ወንዶሰን ደፍሮ ጠየቃቸው። «አዝማቿን በስልክ ቢዘፍኑልኝና ብቀዳትስ?»

«ያኔ የዘፈንኩት ያኔ ነው ልጄ። አሁን ያለኝ የነጋዴ ድምፅ ነው» አሉና እምቢ አሉ።

ሁለቴ ለመናቸው፤ በሦስተኛው ደንበኛ መጣብኝ ብለው ዘጉበት። ወንዶሰን ደብተሩን ገልጦ በዳምጤ ስም ሥር ባዶ በተወው መስመር ላይ ጻፈ፦ «ቁጥር አንድ። ማታር፣ እትዬ ማሚቱ ዘንድ። አትጫወትም።» ብዕሩን ከሚገባው በላይ ተጭኖት ስለነበር ወረቀቱ ተቀደደ።