ባለአሥራ ስምንት ቁልፉ ማውስ

የኮምፒውተር ማውሱ መሥሪያ ቤቱ የደረሰው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ጥቁርና ቀይ፣ ላዩ ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ የተሳለበት። የተጠየቀው ግን እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ የቀኝ እጇን አንጓ ታማ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ሐኪሙ «አንጓዋን ሳታንቀሳቅስ በአውራ ጣት የምትሠራበት ማውስ ይገዛላት፤ በአሮጌው ከቀጠለች እጇ ከሥራ ውጭ ይሆናል» ብሎ ጻፈላት። የግዥ ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ ገበያ ወጣ። ባለሱቁም «የአውራ ጣት ቁልፍ ነው የምትፈልገው?» ብሎ ለጌም ተጫዋቾች የተሠራ ገመድ አልባ ማውስ ከመደርደሪያ አወረደለት። በአውራ ጣት በኩል ብቻ አሥራ ሁለት ቁልፍ አለው፤ የላዮቹ ሲጨመሩ አሥራ ስምንት ይሆናሉ። አንድ ፈልጎ አሥራ ስምንት ያገኘ ሰው መቼም አይከራከርም፤ የግዥ ሠራተኛው እየሳቀ ተመለሰ።

ጸሐፊዋ አንጓዋን በፋሻ እንደጠቀለለች በሩ ላይ ቆማ ካርቶኑን ስታይ እንደ ሕፃን ፈነጠዘች። ሦስት ወር ሙሉ ጠብቃዋለች። ይሁን እንጂ በዚያ መሥሪያ ቤት ምንም ዕቃ በአቶ ይጣራ እጅ ሳያልፍ ተጠቃሚው ዘንድ አይደርስም።

ስማቸው ይጣራ አይደለም። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት ሚስታቸውና የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ናቸው። የቀረበላቸውን ወረቀት ሁሉ ራስጌው ላይ «ይጣራ» ብለው ስለሚመሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። የልጃቸው የሠርግ ጥሪ ላይ ሳይቀር ጽፈውበታል እየተባለ ይታማሉ፤ ይህ ውሸት ነው፤ የጻፉት የእህታቸው ልጅ ጥሪ ላይ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የዕቃ ቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንደሆኑ አርባ ወንበር መጣ፤ አንዱ ላይ ብቻ ቁጭ ብለው ለአርባውም ፈረሙ። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ተቀብለው ከቀሩት ሠላሳ ዘጠኞች በአንዱ ላይ ሲቀመጡ ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ማንም አልተቀጣም። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ተነሥተው ሱሪያቸውን እያራገፉ ያዩዋቸው አስተያየት እስከ ዛሬ ሆዳቸው ውስጥ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ መቶ ወንበር ቢመጣ መቶውም ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ደርዘን ማስመሪያ ቢመጣ አሥራ ሁለት መስመር ያሰምራሉ።

ከእሳቸው ሌላ የኮሚቴው አባላት ሁለት ናቸው። አንዷ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ናት፤ ከግምጃ ቤቷ አንዲት እርሳስ ስትወጣ ልጇን ለእንጀራ እናት አሳልፋ የሰጠች ያህል የሚከፋት ሴት። ሌላው ሹፌሩ ነው። መመሪያው «ከአባላቱ አንዱ የቴክኒክ ምስክር ወረቀት ያለው ይሁን» ስለሚልና በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው የተመረጠው። ወረቀቱ የናፍጣ ሞተር ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። አቶ ይጣራ መነጽራቸውን ሰክተው ካርቶኑን እያገላበጡ ማንበብ ጀመሩ። ደንባቸው አንድ ነው፤ ካርቶኑ ያለውን ዕቃው ያድርግ።

«አንደኛ፣ ‹በማንኛውም ፍልሚያ ድል ያጎናጽፋል› ይላል።»

«የምን ፍልሚያ?» አለች ንብረት ክፍሏ።

«አልተገለጸም። ማንኛውም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ፍልሚያውን ከየት እናምጣ?»

«ሒሳብ ክፍልና የሰው ኃይል ጎረቤት አይደሉ እንዴ!» አለ ሹፌሩ። «ማውሱን ይዘን ኮሪደሩ ላይ እንውጣ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አንድ አይጠፋም።»

ምሳ ሰዓትም አልደረሰ። አራት ሰዓት ላይ ሁለቱ ኃላፊዎች የኮሪደሩ መስኮት ይከፈት፣ ይዘጋ በሚል ተያያዙ። አቶ ይጣራ ማውሱን ለሰው ኃይል ኃላፊው አስጨበጧቸው። ኃላፊው ምን እንደተሰጣቸው እንኳ ሳያዩ ማውሱን የያዘ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲጮኹ፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰው ነገሩ ግራ ቢገባው መስኮቱን ዘግቶ ገባ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ድል ስለማጎናጸፉ በዓይን ታይቷል» ተብሎ ሰፈረ።

«ሁለተኛ» አሉ አቶ ይጣራ ተመልሰው ሲቀመጡ፣ «‹እያንዳንዱ ቁልፍ ባለቤቱ የፈለገውን ሥራ እንዲሠራ ሊታዘዝ ይችላል› ይላል።»

«አሁን ምን እየሠሩ ነው?»

«ምንም።»

ሥራ ያልተሰጠውን በምን ሊገመግሙት ነው? ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ለቁልፎቹ የሥራ ዝርዝር ሲያወጡ ዋሉ። አንደኛው መዝገብ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ይዘጋል፣ ሦስተኛው መዘጋቱን ያረጋግጣል። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ በመሥሪያ ቤቱ ያለው ሥራ ሁሉ አለቀባቸው። ንብረት ክፍሏ አሥራ ስምንተኛው ተነቅሎ ግምጃ ቤት ይቀመጥ አለች።

«ሰዉ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ አንድ ቁልፍ ላይ ምነው ጨከንሽ!» አላት ሹፌሩ። በመጨረሻ አሥራ ስምንተኛው ቁልፍ የዓመት ፈቃድ ለሚወጡት ተወካይ ሆኖ ተመደበ።

አቶ ይጣራ ማታ ከሥራ ሲወጡ ጸሐፊዋ ደረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። «ጋሼ፣ ማውሴ አለፈልኝ?»

«ጥሩ እየሄደ ነው፣ እቱ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል።»

የቀረው አንድ ነገር በካርቶኑ ጀርባ፣ በትናንሽ ፊደል የተጻፈው ነበር፤ «እያንዳንዱ ቁልፍ ሃያ ሚሊዮን ጊዜ ቢጫኑት አይበላሽም።»

ረቡዕ ጠዋት አቶ ይጣራ ይህንን ሲያነቡ ንብረት ክፍሏ ሳቀች፤ አብሯት የሚስቅ ስታጣ አቆመች። «መቼም ይህን አምነን እንለፈው» አለች።

«ማን አይቶት?» አሉ አቶ ይጣራ። «ካርቶን ምስክር ሆኖ አያውቅም።»

መመሪያው ደግሞ ሙከራው በተጠቃሚው እጅ ይከናወን ይላል፤ ሌላ ሰው ቢጫነው ለተጠቃሚው ስለመስማማቱ ማስረጃ አይሆንም። ጸሐፊዋ ተጠራች። ማውሷን ልትነካ ነው የተጠራችው በመባሉ ደስ ብሏት፣ እየተጣደፈች መጣች። አንጓዋ ስለሚያማት በግራ እጇ አንደኛውን ቁልፍ መጫን ጀመረች። ሹፌሩ በየመቶው አንድ ጭረት ያሰምራል። አሥራ ሁለት ጭረት ላይ ሲደርስ አቶ ይጣራ እጃቸውን አነሡ።

«ይቅርታ እቱ። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ቀኝ እጅ ነው።»

«ቀኜን እኮ ነው የሚያመኝ፣ ጋሼ። ለእሱ አይደል የተገዛልኝ?»

«ለእሱ ነው እንጂ! ለዚያ እኮ ነው በእሱ የሚሞከረው።»

ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ለአራቱም ትክክል መሰላቸው። ሰው ተሰብስቦ ሲቀመጥ ከአንድ ጭንቅላት የማይወጣ ሞኝነት ከአራት ጭንቅላት እንደ ውኃ ይፈሳል። አሥራ ሁለቱ ጭረቶች ተሰረዙ፤ ጸሐፊዋም ፋሻዋን ፈትታ በቀኝ አውራ ጣቷ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ሹፌሩ በትርፍ ጊዜው ስሌት ሠራ። በሰከንድ አንዴ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ብትጫን፣ አንዱ ቁልፍ ስድስት መቶ ዘጠና አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል። አሥራ ስምንቱ ሲደመሩ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት እየታረፈ ሃምሳ ዓመት ይወስዳሉ።

«አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«አርባ አንድ።»

«እንግዲያው በዘጠና አንድ ዓመትሽ ትረከቢዋለሽ። እስከዚያማ እጅሽም ይድናል።»

እሷም ሳቀች። አቶ ይጣራ ግን አልሳቁም፤ የሃምሳ ዓመት የሥራ ዕቅድ አዘጋጅተው ለሥራ አስኪያጁ ላኩ። ዕቅዱ በሁለት ቀን ውስጥ «በዕቅዱ መሠረት ይቀጥል» የሚል ማኅተም አርፎበት ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ያነበቡት አይመስለኝም። ያነበቡትም እንደሆነ፣ እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያልቅ ዕቅድ የማይወድ ኃላፊ የለም።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ቀጠለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊዋ በሙከራ ሉሁ ላይ ትፈርማለች፣ ትቀመጣለች፣ ትጫናለች። መዝገብ ቤቱ ተዘግቶ ፋይሉ ከበሩ ውጭ ወገብ ድረስ ተቆለለ። በአራተኛው ቀን ሹፌሩ ትራስ አመጣላት። በስድስተኛው ቀን መሳቅ አቆመች። በሰባተኛው ቀን «ጋሼ፣ ትንሽ ልረፍ?» አለች፤ አቶ ይጣራም ደግ ሰው ናቸውና አሳረፏት፣ የዕረፍቱንም ደቂቃ መዘገቡ።

«እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ ነው» አሏት። «ነገ እጅሽ ላይ ቢበላሽብሽ ምን ይውጥሻል?»

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አለች። በእውነት ያሰቡላት ስለመሰላት ነው እንዲህ ያለችው። እሳቸውም በእውነት አስበውላት ነበር፤ የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው።

በአሥረኛው ቀን አቶ ይጣራ የመጀመሪያውን ጊዜያዊ ሪፖርት ሊጽፉ ተቀመጡ። አንደኛው ቁልፍ ስልሳ ሰባት ሺህ አራት መቶ ጊዜ ተጭኗል፤ አንድም ጊዜ አልሳተም። «ዕቃው በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል» ብለው ጻፉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አባሪዎቹን ለማመሳከር ዘጠኙን የሙከራ ሉሆች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደሩ። ፊርማ ማየት የሚያውቁት ሥራ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሃያ ሰው ፊርማ ከነጠማማው በዓይነ ሕሊናቸው አለ።

የመጀመሪያው ቀን ፊርማ የጸሐፊዋ ነው፤ ስሟ ቀጥ ብሎ ተጽፎ መጨረሻው ላይ ረጅም ጅራት ያወጣል። በአራተኛው ቀን ጅራቱ የለም። በሰባተኛው ፊደሎቹ ተደራርበዋል። የዘጠነኛውን ዶሮ ጫረችው ቢባል ማንም ያምናል።

አቶ ይጣራ ሉሆቹን ሰብስበው ተነሡ። ሰው አስመስሎ ፈርሞላታል! ሙከራው ሁሉ ሊሰረዝ ነው። በር ከፍተው ጠሯት።

«እቱ፣ እነዚህን ፊርማዎች ማነው የፈረመው?»

«እኔ ነኝ።»

«አይመሳሰሉም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እዚህ ጋ፣ ፊቴ ፈርሚ።»

ብዕር ሰጧት። ከእጇ ወደቀ። ሹፌሩ አንሥቶ ሰጣት፤ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ አቶ ይጣራ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሡና በጣቶቿ መሐል አስገቡት። አውራ ጣቷ አልታጠፈም። አብጦ፣ ቀልቶ፣ የሌላ ሰው ጣት እዚያ ላይ የተተከለ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብዕሩ ሾልኮ ጭኗ ላይ አረፈ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«ከአምስተኛው ቀን።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ማውሱ ሳያልፍ ቢቀርስ ብዬ።»

አቶ ይጣራ አፈሩ። ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ጸጉራቸው አፈሩ፣ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከአጠገቧ ተቀምጠው ቁልፉን እንጂ እጇን አንዴም አላዩም። የመቀበያ ቅጹን ሳቡና በአሥራ ስምንቱም መስመር ላይ «ተሞክሮ ደህና ሆኗል» ብለው እየተቻኮሉ ፈረሙ። አሥራ ሰባቱን ማንም ነክቷቸው አያውቅም።

«ስጫት» አሏት ንብረት ክፍሏን።

«በደስታ» አለች ንብረት ክፍሏ። እሷም ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር። «ግን የተረካቢ ፊርማ ያስፈልጋል። ሳትፈርም ከግምጃ ቤቴ አይወጣም።»

ሁሉም የወደቀውን ብዕር አዩት። ቆይቶ ሹፌሩ፣ መፈረም ለማይችል ሰው የቀኝ አውራ ጣት አሻራ እንደሚበቃ መመሪያው ላይ አንብቦ አገኘ። ንብረት ክፍሏ የማኅተም ቀለሙን አመጣች። ጸሐፊዋ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ፤ ግን ጉልበቱ ከየት ይምጣ፣ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ቆይ፣ እኔ ልያዝልሽ» አሉ አቶ ይጣራ። ጣቷን በሁለት እጃቸው፣ ትኩስ እንቁላል እንደያዘ ሰው ያዙና ወረቀቱ ላይ ቀስ አድርገው ተጫኑላት። ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው።

ጣቷን ሲያነሡላት ወረቀቱ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ክብ አየችና ቀና አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የኖረችበት ጥያቄ ነበርና የምር ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ይሄኛውም ይቆጠራል?»

ሹፌሩ የጭረቱን ደብተር ከደነው። አቶ ይጣራ በመሐረባቸው ቀለሙን ከጣቷ ላይ ጠረጉላት።

«አይቆጠርም፣ እቱ» አሏት። «አንዱም አይቆጠርም ነበር።»