ቁልቁለት የመሰከረለት ካርቡራተር

እኔ አብዱላሂ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መኪና የነዳሁ ሰውዬ፣ ስለ ካርቡራተር ምንም እንደማላውቅ የተረዳሁት በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ፤ ውለታቸው አይረሳም።

ከንጉሡ ዘመን የተረፈችው የጭነት መኪናችን፣ ቤንዚን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርበው ካርቡራተሯ ተሰንጥቆ፣ ቤንዚኑ በሞተሩ ፈንታ መሬቱን ያጠጣ ጀመር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ መኮንን ወዲያው አስጠነቀቁ። "በአሥራ አምስት ቀን ተስማሚ ካርቡራተር ካልተመረጠ መኪናው ለብረታ ብረት ይሸጣል። ሾፌሩም የእህል መጋዘን ዘበኛ ይሆናል።" ወላሂ፣ ሚስቴን እንኳ ወደ ቤቴ ያመጣኋት በዚያች መኪና ጋቢና ነው። አሁን ዱላ ይዤ በር ላይ ልገተር?

በማግስቱ ሚኤሶ ወረድኩ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ኩብራ የምትባል ነጋዴ አለች፤ ከላይ ማካሮኒ፣ ከሥር መለዋወጫ የምትሸጥ። ካርቡራተር ስላት "ሞተርህ ስንት ሲሊንደር ነው?" አለችኝ። ስድስት አልኳት። "ስንት ኩንታል ትጭናለህ?" ሃምሳ አልኳት። ከማካሮኒው ሥር አንድ ጥላሸት የጠጣ፣ አፈ ሰፊ ካርቡራተር ጎትታ አወጣች። ከእኔዋ ዓይነት መኪና ላይ የተፈታ ነው።

"ይሄ ምን መልክ ነው?" አልኳት።

"አቦ! መልኩን ተወውና አፉን እየው። ትልቅ ሞተር በትንሽ አፍ አይጠግብም። ውሰድና ሞክረው፣ ካልሆነ መልስልኝ።"

ይዤው ስብሰባ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ግን ሌላ ሙሽራ ተቀምጧል። ጓድ መኮንን ያስመጡት፣ ከነካርቶኑ የሚያብለጨልጭ፣ ለአራት ሰው የቤት መኪና የተሠራ ካርቡራተር። የመጀመሪያው ተናጋሪ ስለ ውበቱ ተናገረ። ሁለተኛው "አፉ ትንሽ ስለሆነ ቤንዚን የሚጠጣውም ትንሽ ነው" ብሎ አስጨበጨበ። በዚህ ስሌት አፉን በጨርቅ ብንወትፈው ጭራሽ አይጠጣም ነበር፤ ይህን ሐሳብ ግን ማንም አላቀረበም። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሞተሩ ስንት ሲሊንደር እንደሆነ የጠየቀም አልነበረም።

እጄን አወጣሁ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄኛው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። የኔን ብንሞክር ኢንሻአላህ..."

"ኢንሻአላህ ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም" አሉኝ። "ደግሞ ያ ጥቁር ነገርህ ደረሰኝ አለው?"

የለውም። ተሸነፍኩ። ጥቁሩን መኪናዋ ውስጥ ከወንበሬ ሥር ወሸቅኩት።

ሙሽራው በመቀመጫው አልገጥም ስላለ የብረት ቁራጭ በመሃል አስገብተን በግድ አስቀመጥነው። ለሙከራ ኮሚቴው በሙሉ ተሳፈረ። አሥር ሊትር ቤንዚን ተለክቶ ተሞላ፣ ጉዞው ከከተማችን ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ ሆነ። የአገራችንን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ምንም መጨመር አያስፈልገኝም፤ ለማያውቅ ግን፣ ያ መንገድ ቁልቁለት ነው። ሞተር የሌለው ጋሪም ይደርሳል። ይህንኑ ለጓድ መኮንን ብነግራቸው "አፍራሽ አስተያየት" አሉኝ።

ሚኤሶ ስንደርስ ቤንዚኑ ተለካ። ሰባት ሊትር ተርፏል! ጭብጨባው ባቡር የገባ አስመሰለው። "ቆጣቢ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል" ተብሎ ቃለ ጉባኤው እዚያው ተጻፈ። ኩብራ ከሱቋ በር ላይ ሆና ትመለከተኝ ነበር፤ ራሷን ነቅንቃ ወደ ማካሮኒዋ ተመለሰች።

ከዚያ ሃምሳ ኩንታል ማሽላ ጭነን ዞርን። ዳገቱ ሲጀምር ሙሽራው ሳል ያዘው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ መኪናዋ በአንደኛ ማርሽም አልንቀሳቀስ አለች፤ ሞተሩ ግሎ ቀጥ አለ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው። በስብሰባው ያን ያህል የተናገረ የኮሚቴ አባል ሁሉ ወርዶ ለጎማው ታኮ የሚሆን ድንጋይ ይፈልግ ጀመር።

እኔ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ያን የብረት ቁራጭ ፈትቼ፣ ጥቁሩን ካርቡራተር በቀድሞው መቀመጫ ላይ አሰርኩት። ቁልፉን ስመታ ተነሣች። ሃምሳውን ኩንታልና ኮሚቴውን ተሸክማ ዳገቱን ወጣችው። ደስ አለኝ፤ እንባዬ መጣ ብል አላፍርም።

ከተማ ስንገባ ጓድ መኮንን ወረቀት ዘረጉልኝ። "ቆጣቢው ካርቡራተር ሃምሳ ኩንታል ጭኖ ከሚኤሶ አሰበ ተፈሪ ወጥቷል። ይህንንም ሾፌሩ አረጋግጧል።" ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ትፈርማለህ፣ ወይስ የመጋዘኑን ዱላ ላስመጣልህ?" አሉኝ።

ፈረምኩ። አንድ ወረቀት ምን ያመጣል አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ!

ወረቀቱ ገለምሶ ከተማ ድረስ ተላከ። እዚያ ያለው ማኅበር ፊርማዬን አይቶ ያንኑ ዓይነት ካርቡራተር አስመጣና ለጂብሪል መኪና አሰረለት። ጂብሪል አብሮኝ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ጓደኛዬ ነው። የሱ መኪናም ከነጭነቷ ዳገት ላይ ቀረች፤ እሱ ግን ከወንበሩ ሥር ሌላ አልነበረውም። "አብዱላሂ የወጣበት ካርቡራተር አንተ ጋ ሲደርስ እንዴት እምቢ አለ?" ብለው በአሻጥር ከሰሱት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። መንጃ ፈቃዱን ነጥቀው፣ ዘበኛ ላልተገኘለት ለእኛው የእህል መጋዘን ዘበኛ አደረጉት። ለእኔ የተዘጋጀችውን ዱላ እሱ ያዛት።

እሱ ሥራ በጀመረበት ቀን ማሽላ ጭኜ የመጋዘኑ በር ላይ ደረስኩ። ጂብሪል ሊከፍትልኝ መጥቶ ቆመና ሞተሩን አዳመጠ። መንጃ ፈቃዱን እንጂ ጆሮውን አልነጠቁትም።

"አብዱላሂ፣ ይሄ የፈረምክለት ካርቡራተር አይደለም" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት።

ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በሩን በሁለት እጁ ገፋ። "እለፍ በቃ፣ ጭነትህን አራግፍ" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ መጋዘኑ ጋ ስቃረብ ሞተሩን አጠፋለሁ። መግቢያው ቁልቁል ስለሆነ መኪናዋ ያለ ድምፅ በራሷ ትገባለች።