የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ለቀስተኞች

በትምህርት ቤታችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል በየዓመቱ ይሞታል። የሚሞተውም በክረምቱ መግቢያ፣ ተፈታኞች ለመልቀቂያ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከመጓዛቸው በፊት ባለችው ቅዳሜ ነው። ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ይገጣጠማሉ፤ ከእኛ መካከል ጨዋታ የሚያውቅ አንድ ተማሪ ጋቢ ተከናንቦ ይጋደምባቸዋል፤ የክፍሉንም ሀብትና ንብረት ለአሥራ አንደኞች ሲናዘዝ ቆይቶ በመጨረሻ ዓይኑን ይከድናል። ወራሾቹ ይስቃሉ፤ ሟች ተነሥቶ ቆሎ ይበላል፤ ስንብቱም በዚሁ ያበቃል።

የዘንድሮውን ኑዛዜ የማዘጋጀት ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ለዓይናዲስ ነበር። የክፍሉ አንደኛ በመሆኔ የማንበቢያ ክፍሉ ቁልፍ ዓመቱን ሙሉ ከአንገቴ አልወረደም። ይህ ክፍል በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ መብራት አለው። ከብልባላና ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ መጥተው፣ ላሊበላ ላይ ጠባብ ቤት በጋራ ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚያነቡት እዚያ ነው፤ በተከራዩት ቤት የሚያበራላቸው ኩራዝ ብቻ ነውና። ቁልፉ ወደ አሥራ አንደኞች ካልተላለፈ ክፍሉ ይዘጋል። እኔም ከዚህ ትምህርት ቤት ስወጣ አንድ የቆመ ነገር ትቼ ለመሄድ ቆርጬ ነበር።

ርእሰ መምህራችን አቶ ወርቅአገኘሁ ግን ስንብት የሚባል ነገር ከአምና ጀምሮ ያስፈራቸዋል። የአምናዎቹ ተሰናባቾች ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ከረባት ያሰረች አህያ አውርሰው ነበር፤ አህያዋም ሰው እስኪደርስባት ድረስ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ስትበላ ቆይታለች።

«ዓይናዲስ፣» አሉኝ በዋዜማው ቢሯቸው አስጠርተው፣ «የዘንድሮው ሟች በጸጥታ ይሙት።»

«ይሞታል፣ ቲቸር።»

«ድምፃችሁ ከአጥሩ ውጭ ከተሰማ ቁልፉ ወደ እኔ መሳቢያ ይገባል። አሥራ አንደኞችም ለማንበብ ጨረቃ ይጠብቁ።»

ቃሌን ሰጠሁ። ኑዛዜውንም ማንንም የማያስቀይም፣ ቁም ነገር ያዘለ አድርጌ አሰናዳሁት፤ የመጨረሻው አንቀጽ ቁልፉን የሚያወርስ ነበር። ሟች ሆኖ የተመረጠው ታፈረ ቃል በቃል እንዲያጠናው አደረግሁ። ታፈረ የብልባላ ልጅ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ሳያስቅ ያለፈበት ቀን ቢኖር የታመመበት ቀን ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዝናቡ ፋታ ሰጠን። ከገበያው በላይ ባለው በግቢያችን ሜዳ ላይ ተሰበሰብን፤ ታፈረም ጋቢውን ተከናንቦ ተጋደመ።

«እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ አእምሮዬ ሳይጎድል—»

«መቼ ሞልቶ!» አለ አንድ ወራሽ።

«—ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ። አንድ እግሩ ድንጋይ የሆነውን ይህን ወንበር ለሚያንኮራፋ ሁሉ አውርሻለሁ። በቤተ ሙከራው ውስጥ አለች የምትባለውን ብርጭቆ፣ ያልሰበርናት ስላላየናት ነውና፣ ካያችኋት አደራ። የአያቴንም ተዝካር አውርሻችኋለሁ፤ አራት ጊዜ ፈቃድ አስወጥቶልኛል፣ ገና አላለቀም። አያቴን ገበያ ላይ ስታገኟቸው ሰላም በሏቸው፤ ጤነኛ ናቸው።»

ይህ የመጨረሻው በእኔ ዝግጅት ውስጥ አልነበረም። ልገሥጸው አፌን ስከፍት አሥራ አንደኞች ከተቀመጡበት በአንድነት ተነሡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ በገመድ ወገባቸውን ታጥቀዋል። ከፊት የቆመችው የትናየት ናት። አክስቷ እትዬ አስቻለች በብልባላ ስማቸው የተጠራ አልቃሽ ናቸው፤ እሷም ድምፁን ከእሳቸው ሳይሞቱ ወርሳለች።

ክንዷን ያዝኋት። «የትናየት፣ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ዓይናዲስዬ፣ ሳያለቅሱ መውረስ ነውር አይደለም እንዴ?»

«እባክሽ በቀስታ!»

«በቀስታ ማልቀስማ ሟቹን መናቅ ነው፤» አለችና ክንዷን አስለቅቃ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«ወንድሜ ታፈረ የመስኮቱ ጌታ፣
ሒሳብ ገባ ሲሉት ውልቅ የሚል ባንዳፍታ።
እንግዲህ ማን ይተኛ ከኋላ ወንበሩ፣
ማን ያንኮራፋልን ሲያወራ መምህሩ።»

«ወይኔ ወንድሜን!» እያሉ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ደረታቸውንም መቱ። ጓደኞቼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሣር ላይ ተንከባለሉ፤ ከሩቅ ለሚያየው ግን የሚያለቅሱ ይመስሉ ነበር። ወደ አጥሩ የምመለከት እኔ ብቻ ነበርሁ። ነፋሱ ቁልቁል ወደ ገበያው ይነፍሳል። በእኛ አገር ደግሞ ለቅሶ የሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አይጀምርም፤ አስቀድሞ ነጠላውን ዘቅዝቆ ይነሣል፣ ጥያቄውን መንገድ ላይ ይደርስበታል።

ቀድመው የደረሱት የትምህርት ቤቱ ጎረቤት እትዬ ብርቅዬ ነበሩ፤ ሊጥ ከእጃቸው ሳይታጠቡ ነው የወጡት። ወደ በሩ ሮጥሁ።

«እትዬ ብርቅዬ፣ ማንም አልሞተም! ማንም!»

ደረታቸው ላይ ለጥፈው አቀፉኝ። «አይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አላምን ይላል።»

ከእሳቸው ኋላ ገበያው ተነቅሎ መጣ። ጨው ሻጩም ማር ገዢውም መጣ፤ ታች የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ፤ ብዙም ሳይቆይ አራት ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ዳገቱን ጨረሱ። መምሬ ገብረ ዮሐንስም መስቀላቸውን ይዘው፣ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው፣ እያለከለኩ ደረሱ። የሚያለቅሱት ተማሪዎች ይህን ሁሉ ሰው ሲያዩ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ የመጡት ለቀስተኞች ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ሰውን እየገፉ ወደ ወንበሩ ደረሱ። ዱላቸው ከእጃቸው ወድቋል። «ታፈረን ነው የሰማሁት? የእኔን ታፈረ ነው?» እያሉ በጋቢው ላይ ተደፉ። ከብልባላ ለገበያ የመጡት የታፈረ አያት፣ አያ ደሳለ፣ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ የሚስቅ ሰው አልነበረም። የትናየት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጋቢው ተንቀሳቀሰ። «አያቴ፣» አለ ታፈረ ቀስ ብሎ እየተነሣ፣ «አለሁ።»

እትዬ ብርቅዬ ጮኸው ተሸካሚዎቹ ባወረዱት ድንኳን ላይ ተቀመጡ። መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። አያ ደሳለ ልጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ በጥፊ መቱት፤ ከዚያ አቅፈው ሳሙት፤ ይህም ስላልበቃቸው ደግመው መቱት።

አቶ ወርቅአገኘሁ ከቢሯቸው ሲወጡ ያገኙት ይህን ነው። ጥቁር ኮት ለብሰው ነበርና ሐዘንተኛው እሳቸው መስለው ታዩ። ኋላ የደረሰው ሕዝብ ተሰልፎ እጃቸውን ይጨብጥ ጀመር።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«የለም፣ እኔ—»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጌታዬ። ልጅ ነበር?»

እንደ ምንም ከሰልፉ ወጥተው ወደ ሽማግሌው ቀረቡ። «አባቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«የዚህ ጉድ አያት ነኝ።»

«በእናቱ ወይስ በአባቱ?»

«በአባቱ። በእናቱ ያሉት እሱ ሳይወለድ ነው ያረፉት።»

አቶ ወርቅአገኘሁ በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዲያው እኔ ለእርስዎ ተዝካር አራት ጊዜ ፈቃድ ፈርሜያለሁ።»

«ለእኔ?» አያ ደሳለ ወደ ታፈረ ዞሩ። «አራቴ? ለመሆኑ ጠላ እንኳ ተጠምቋል?»

«አያቴ—»

«እኔ አንዴ ቀበርሁህ ብዬ ልቤ ልትቆም ነበር። አንተ አራቴ ቀብረኸኝ በምን አንጀትህ ነው ኳስ የተጫወትኸው?»

ሕዝቡ ሳቀ። መምሬም ፊታቸውን በጃንጥላው ጋረዱ። ያልሳቁት ርእሰ መምህሩ ብቻ ነበሩ።

«ይህች ከተማ በእነዚህ ዓመታት እውነተኛውን ለቅሶ ጠግባለች፤» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ያን ድምፅ ለመሣቂያ መልቀቅ!» እጃቸውንም ወደ እኔ ዘረጉ። ትክክል ነበሩ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ መዳፋቸው ላይ አኖርሁ። አሥራ አንደኞች አንገታቸውን ደፉ፤ ከኋላ ያሉት አንዳንዶቹም አጥሩን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር።

የትናየት ግን ወደ ወንበሩ ሄደች። እግር ሆኖ ያገለግል የነበረውን ድንጋይ መንጭቃ አወጣችው፤ ታፈረም ከነጋቢው ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩን ጫንቃዋ ላይ ጫነችና በአያ ደሳለ እግር ሥር ተንበረከከች። በላስታ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እንዳላየ ማለፍ አይቻልም፤ ወይ ይማሩታል፣ ወይ እዚያው ተሸክሞ ያድራል። እኔም ድንጋይ ፈልጌ ከጎኗ ተንበረከክሁ፤ ዝግጅቱ የእኔ ነበርና።

«አንቺ ነሽ ያለቀስሽው?» አሏት ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ይማሩኝ።»

«የማን ነሽ?»

«የብልባላ ነኝ። የእትዬ አስቻለች የወንድም ልጅ።»

«እኔ እኮ ገበያ ላይ ስሰማ አስቻለች መስላኝ ነው ያመንሁ። አስቻለች በውሸት አታለቅስም።»

«እኔም በውሸት አላለቀስሁም፤» አለች የትናየት፣ ከድንጋዩ ሥር። «ከሰኞ ጀምሮ አሥራ ሁለተኞች የሉም። ሒሳብ የሚያስረዳኝ የለም፤ የሚያስቀኝም የለም። በሳቅ ልሸፍነው ብዬ አበዛሁት።»

አያ ደሳለ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አነሡላት፤ ቀጥሎም የእኔን። «ምሬያችኋለሁ። የዚህኛው ግን ይቆየኝ፤» አሉ ወደ ታፈረ እያዩ።

አቶ ወርቅአገኘሁ ሕዝቡን አመስግነው ሊያሰናብቱ ሲዘጋጁ መምሬ ገብረ ዮሐንስ ጃንጥላቸውን አነሡ።

«ለመሆኑ ኑዛዜው አልቋል?»

«አላለቀም፣ መምሬ፤» አለ ታፈረ።

«ኑዛዜ በመሐል አይቆረጥም። ተጋደም።»

ወንበሩ ስለወደቀ ሣሩ ላይ ተጋደመ። በጆሮው አስታወስሁት፤ ይህን ጊዜ ምንም ሳይጨምር ቃል በቃል ተናገረ፦ «የማንበቢያ ክፍሉን ከነመብራቱ፣ ከነቁልፉ፣ ከእኛ በኋላ ለሚማሩ ሁሉ በአሥራ አንደኞች እጅ አውርሻለሁ።»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ሟች ያወረሰውን ይዞ የቀረ ሰው ምን ይባላል፣ አቶ ወርቅአገኘሁ?» አሉ መምሬ በጨዋ አነጋገር።

«መምሬ፣ ይህ እኮ ጨዋታ ነው።»

«እኔ የወጣሁት ዳገት ጨዋታ አልነበረም። ይኸው ምስክሩ ሙሉ ነው፤ ጥሩምባ ተነፍቷል፤ ድንኳኑም መጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ኑዛዜ ይፈልጋሉ?»

«ተበዳዩም እኔ ነኝ፤» አሉ አያ ደሳለ። «ምሬያለሁ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ወደ ሕዝቡ አዩ፤ ሕዝቡም ወደ እሳቸው አየ። «ወራሹ ማን ነው?» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ዞረው።

ያሰብሁለት ሰው ነበረኝ፤ ኪዳን የሚባል፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ጭምት ልጅ። በዓይኔ ፈለግሁት። አንድ እግሩን አጥሩ ላይ አሳልፎ ነበር።

«የትናየት ናት፤» አልሁ።

«ይህች? ከተማውን ጠርታ ያመጣችው?»

«ከተማው ሲመጣ ያልሸሸችው፣ ቲቸር።»

ለጥቂት ጊዜ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያም ዘረጉላት፤ በሁለት እጇ ተቀበለች።

«አንድ ድምፅ ብሰማ ግን—»

«ማንበቢያ ክፍል ውስጥ አይለቀስም፣ ቲቸር።»

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የእድሩ ሰዎች ያን ሁሉ ዳገት የተሸከሙትን ድንኳን ሳይተክሉ ለመመለስ ፈቃደኞች ስላልነበሩ ተከሉት፤ ሟችም ወራሽም ለቀስተኛም ከሥሩ ተጠግቶ ቆሎ በላ። ርእሰ መምህሩም በሉ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ደብተሮቼን ይዤ ለመጨረሻ ጊዜ ልከልስ ወደ ማንበቢያ ክፍሉ ሄድሁ። የትናየት ቁልፉን አንገቷ ላይ አድርጋ በሩን ይዛ ቆማለች።

«ሟች አይገባም።»

«የትናየት፣ ፈተናዬ ደርሷል።»

«ነፍስ ይማር። የሞተ ሰው አይፈተንም።»

«ዝናብ እየመታኝ ነው እኮ!»

ወደ ውስጥ ዞራ የሚያነቡትን አማከረች፤ ሹክሹክታና የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። «እሺ፣ ግቢ፤» አለች ተመልሳ። «ግን ሒሳብ ታስረጂናለሽ። ለሟች ሌላ ዋጋ የለንም።»

ክፍሉ ሞልቷል። ከመብራቱ ሥር ባለው የለመድሁት ቦታ ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተቀምጣ ትጽፋለች። ትነሣልኛለች ብዬ ጥቂት ቆምሁ፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ እምብዛም ከማይደርስበት ወንበር ላይ ተቀመጥሁና ደብተሬን ገለጥሁ።