ቆርቆሮው ውስጥ የተረፈው ገንዘብ

ሂሳብ ሠራተኛው አንዲት ሳንቲም ከጎደለችበት እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው ነው። «ተሳሳትኩ» የሚል ቃል ደግሞ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ዓመት ሙሉ ቢሮ የተመላለሰው በብስክሌት ነው፤ የተረፈችውን የታክሲ ገንዘብ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል፣ ብስክሌቱ ያመጣበትን ወጪ ሁሉ ከዚያው ያወጣል። «ዓመቱ ሲሞላ ካላተረፈ እሸጠዋለሁ!» ብሎ ለሚስቱ ምሎላታል። እሱ ከማለ ደግሞ አለቀ፤ ድርቅ ያለ ሰው ነው።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፦ የውስጥ ጎማው ከመነዳሪ አራት ጊዜ፣ የውጭ ጎማ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ የበላው ሱሪ። ፔዳሉ እያስራበው ቁርስ እጥፍ መብላቱን እንኳ አልሸሸገም፤ ጻፈው። ቢደምር ቢቀንስ፣ ቆርቆሮው ውስጥ መኖር ያለበት የአንድ ቀን ታክሲ እንኳ አይሞላም።

«ዓመት ሙሉ ፔዳል የረገጥኩት ለዚህ ነው?» አለ፤ ከፋው። እውነቱን ለመናገር ብስክሌቱን ወዶታል። ግን መሐላ መሐላ ነው፤ ምናልባት ብሎ አስቀድሞ የቀጠረው ገዢም እኩለ ቀን ላይ ይመጣል።

ቆርቆሮውን ከፈተና ሦስቴ ቆጠረ። ወይ ጉድ! የሦስት ወር ታክሲ ይተርፋል። ከብሮቹ ብዙዎቹ አራት እጥፍ ታጥፈዋል። እንደዚያ የምታጥፈው ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ብቻ ናት።

«አንቺ! ነይ እስቲ! ይሄን የጨመርሽው አንቺ ነሽ?»

ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። መጀመሪያ አቀረቀረች፤ ከዚያ ግን ብው አለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ካላተረፈ እሸጠዋለሁ አልክ፣ ምን ላድርግ? አምና ሁለት ደረጃ ወጥተህ ግድግዳ ስትደገፍ ያየሁህ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ‹ካልተንቀሳቀስክ ልብህ አይዘልቅም› ሲልህ አጠገብህ ነበርኩ። ዘንድሮ ሦስቱ ክኒን አንድ ሆነልህ፤ ደረጃውን እየሮጥክ ትወጣለህ። እሱን የት ጋ ጻፍከው?»

ሰውዬው ወረቀቱን አየ። የትም አልጻፈውም። ክኒኑን የምትገዛው እሷ ስለሆነች ደረሰኙን እንኳ አይቶት አያውቅም። አፈረ፤ አንጀቱንም በላችው።

በሩ ተንኳኳ። ገዢው ነው። ሚስቱ ደንግጣ ባሏን አየችው።

ባል ተነስቶ በሩን ከፈተ። «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ አልሸጥም።»

«እንዴ! ምነው፣ ዋጋው አነሰህ?»

«የለም» አለ ሂሳብ ሠራተኛው፣ ሚስቱ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሂሳቡን ተሳስቼ ነው።»