የሦስተኛው ምስክር ቃል

ጣቱ የጎረቤቱ የጋሼ ስም ላይ ደርሶ ቆመ። በጥቁር ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ከነአባታቸው ከነአያታቸው ተጽፏል፤ ከጎኑ የመዝገቡ ቁጥር አለ። ሰዓት ሠሪው ስሙን አነበበው፣ ቀና ብሎ አጠገቡ የተቀመጡትን እትዬን አየ፣ ከዚያም ምንም እንዳላየ ሰው ቅጠሉን ገለበጠ።

"እዚህ ዓመት ላይ ያለ አይመስለኝም" አለ።

"እንዴት ይጠፋል?" አሉ እትዬ። "በደንብ እየው እንጂ ወንድሜ። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት የገባችበት ዓመት ነው፤ ሌላውን ብረሳ እሱን አልረሳም።"

"እያየሁ ነው።"

እያየ አልነበረም። ፊደሎቹ ዓይኑ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ እሱ የሚያስበው ከዚህ ክፍል በምን ሰበብ ቶሎ እንደሚወጣ ነው።

መዝገብ ቤቱ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በመደርደሪያ ተሞልቷል፣ መደርደሪያው ደግሞ በክር በታሰሩ ፋይሎች። ሰማያዊ ጋዋን የለበሰችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ገና ሲገቡ አሠራሩን ነግራቸው ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ያለፉትን ስድስት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ለነበረው ሁለት ትልልቅ ባሕር መዝገቦች አሉ፤ አንዱ በከሳሽ ስም፣ ሌላው በተከሳሽ ስም፣ ሁለቱም በየዓመቱ በፊደል ተራ። ቁጥሩን ያገኘ ሰው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣታል፣ እሷ ፋይሉን ታወጣለች።

"መታወቂያ አልጠይቅም" ብላለች። "የፍትሐ ብሔር መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። እስክሪብቶ ብቻ እንዳታስጠጉበት።"

ለማንም ክፍት ነው ስትል ሰዓት ሠሪው በላብ ተጠመቀ። እሱ እኮ ያ ወረቀት የተቀበረ መስሎት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም መንገደኛ ዝናብ ሊጠለል ገብቶ ሊያነበው ይችል ኖሯል።

ነገሩ የአንድ ሜትር ተኩል መንገድ ነው። በእትዬ ግቢና በባለመጋዘኑ ግቢ መካከል፣ ከጓሮ ክፍሎቹ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣ መተላለፊያ ነበር። ባለመጋዘኑ አንድ ቀን ግንበኛ አምጥቶ አጥሩን ገፋና ዘጋው። ጋሼ፣ የእትዬ ባለቤት፣ ከሰሱ። ባለመጋዘኑ መንገድ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም ብሎ ሦስት ምስክር ቆጠረ። ሁለቱ የራሱ ጫኝና አውራጆች ስለነበሩ ዳኛው ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። ሦስተኛው ግን የሁለቱም ጎረቤት ነው፤ ነገር የማይወድ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ፣ ሰዓት ጠጋኝ። ሱቁን የተከራየው ከባለመጋዘኑ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ባለመጋዘኑም አላስፈራራውም፤ የሰዓቱን ባትሪ ሲያስቀይር፣ "ይቺን ሱቅ ልጄ ሳይፈልጋት አይቀርም" ብቻ ነው ያለው። በማግስቱ ሰዓት ሠሪው ችሎት ቆሞ፣ እጁን አንሥቶ ምሎ፣ እንዲህ ያለ መንገድ አላውቅም አለ። መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ በየማለዳው ከቤቱ ሲወጣ የሚሄደው በዚያው ነበር።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ውሸት ግን ከተቀመጠበት ሳይነካ ኖረ። ባለመጋዘኑ ሞተ፣ ግቢው ተሸጠ፣ ጋሼም ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። አሁን አዲሱ ባለቤት ፎቅ ሊሠራ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የእትዬን ግድግዳ ተጠጋ፣ ቀያሹ ደግሞ "ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ የፍርዱን ግልባጭ ያምጡ" አላቸው። እትዬ ሰውም መንገድም አይስቱም፤ ፊደል ግን የዓይን ሞራው ጋርዶባቸዋል። ሰዓት ሠሪውን ለእሳቸው ያዋሰችው የገዛ ሚስቱ ናት። "እሱ ይሂድልዎ እትዬ፣ በስልክ ዘመን ሰዓት ማን ያሠራልና ነው፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው" አለች። እምቢ ቢል ለምን ትለዋለች። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ እትዬ ክንዱን ይዘው ፍርድ ቤት ድረስ መጡ፤ በመንገዱ ሁሉ ሲመርቁት ነበር።

ሠራተኛዋ ብታያቸው ብዙ ጊዜ ፈጅተዋል። "አልተገኘም?" አለች። "እንግዲህ በተከሳሹ ስም እንሞክር።" ሁለተኛውን ባሕር መዝገብ ሳበች፣ የባለመጋዘኑን ስም ጠየቀች፣ እትዬ ነገሯት። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ቁጥሩን አየች፣ ሰዓት ሠሪው የያዘውን መዝገብ ወደ ራሷ አዞረች፣ ሁለት ቅጠል ወደ ኋላ መለሰች።

"ይኸው፣ ከሳሹም አለ እኮ። ይህን የሚያህል ጽሑፍ እንዴት አለፈህ?"

"ዓይኔ ነው" አለ።

እትዬ ሳቁ። "ቅንጣት ብሎን የሚለቅመው የአንተ ዓይን ከደከመ፣ እኛማ መሪ ሊያስፈልገን ነው።"

ፊቱ ጋለ። ሠራተኛዋ አንዴ ገረፍ አድርጋ አየችውና ወደ መደርደሪያው ሄደች።

ፋይሉ መጣ። ግራጫ ሽፋን፣ በክር የታሰረ፣ ገጾቹ ከላይ በቀኝ በኩል በቀይ እስክሪብቶ የተቆጠሩ። በመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡና ቀስ ብሎ ያነብላቸው ጀመር። ክሱን አነበበ፣ መልሱን አነበበ። ገጽ ሰባት ላይ ጋሼ በእጃቸው የሳሉት ንድፍ ነበር፤ ቤቱ፣ የውኃ ቧንቧው፣ መንገዱ፣ በመንገዱ ላይ ትንሽ ቀስት። እትዬ ወረቀቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

"ማስመሪያ ሳይዝ መስመር አያሰምርም ነበር" አሉ። "የዚያን ቀን ግን እጁ ተንቀጥቅጧል።"

ገጽ አሥራ ስምንት ላይ የሁለተኛው ምስክር ቃል አለቀ። ቀጥሎ ያለውን ሰዓት ሠሪው በዓይኑ ብቻ አየው። የገዛ ፊርማውን ከታች አወቀው፤ ያን ጊዜ እንኳ ፊርማውን አሳምሮ ነው የፈረመው። ብዙ ገጽ አንድ ላይ ይዞ ገለበጠና፣ "ፍርዱ ጋ ደረስን" አለ።

"ምስክሮቹ ሁለት ናቸው እንዴ?" አሉ እትዬ። "ሦስት አልነበሩም?"

"ያው ናቸው። ተመሳሳይ ነገር ነው ያሉት።"

"ሦስተኛው ነው እኛን የጣለን። ባለቤቴ ያን ቀን ሲመጣ፣ ከሩቅ አገር የመጣ፣ በገንዘብ የመሰከረ ሰው ነው አለኝ። ስሙን ንገረኝ ብለው፣ 'ምን ያደርግልሻል፣ መጥቶ ሄደ' አለኝ።"

ሰዓት ሠሪው እጁ ገጹ ላይ እንዳለ ቀረ።

"እኔ ደግሞ አላረፍኩም" አሉ እትዬ። "ያን የማላውቀውን ሰው ስረግም ኖርኩ። ባለቤቴ ሲሰማኝ ይቆጣ ነበር። 'አትርገሚ፣ ልጆች ይኖሩት ይሆናል' ይለኛል። ልቡ እንዲህ ነበር።"

ልጆች ይኖሩት ይሆናል። ልጆቹን ጋሼ በስም ያውቋቸዋል፤ ታላቁን ሒሳብ ያስጠኑት እሳቸው ናቸው። ከፍርዱ በኋላ ባለው ጠዋት አጥር ላይ ተገናኝተው፣ "እንዴት አደርክ" ብለውታል፤ ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን አላስታጎሉም። ሰዓት ሠሪው አንዳንዴ እየተሣለቁብኝ ነው ብሎ ያስብ ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ ረስተውት ይሆናል ብሎ ራሱን ያጽናናል። ለሚስታቸው ዋሽተው ገመናውን የሸፈኑለት መሆኑ ግን በሐሳቡም አልመጣም። እትዬና የእሱ ሚስት እንደ እህትማማች ሆነው የኖሩት ጋሼ አፋቸውን ስለያዙ ነው።

የታመሙ ቀን ትዝ አለው። ጋሼን ወደ ሆስፒታል ሊወስዷቸው ቃሬዛ መጣ፤ የጓሮው መውጫ በአጥሩ ተዘግቷል፣ በወጥ ቤቱ በኩል ደግሞ ቃሬዛው አልታጠፍ አለ። በብርድ ልብስ አንሥተው፣ ምድጃና ማሰሮ እየገፉ አወጧቸው። ከፊት በግራ በኩል የያዘው እሱ ነበር። ጋሼ ከታች ወደ ላይ አይተውት፣ "ከበድኩህ መሰለኝ" አሉት። ያን ጊዜ ያፈረው ዛሬ ካፈረው ጋር ሲተያይ እፍረት አልነበረም።

"አንብበው እንጂ ፍርዱን" አሉ እትዬ።

ለማንበብ ሞከረ። ዓይኑ ቀድሞት መሀል ገጽ ላይ ደረሰ፦ ሦስተኛው ምስክር የሁለቱም ወገን ጎረቤት በመሆኑ ቃሉ የሚታመን ሆኖ ተገኝቷል። ይህንንም መዝለል ይችላል። ለቀያሹ የሚያስፈልገው የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ናት፤ ልኬቱ ያለው እዚያ ነው፣ የምስክር ነገር አንድም አይነሣባትም። እሷን አስገልብጦ፣ ክንዳቸውን ይዞ፣ እየተመረቀ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። ይህን ሁሉ አሰበው። ማሰቡ ራሱ አስጠላው።

"እትዬ" አለ፣ "የዘለልኩት ገጽ አለ።"

"ምን ገጽ?"

ወደ ኋላ ገለበጠ። "የተከሳሽ ሦስተኛ ምስክር" ብሎ አነበበ። "ዕድሜ፣ አርባ አንድ። ሥራ፣ ሰዓት ጠጋኝ። አድራሻ፣ ከከሳሽ ቤት ቀጥሎ።" አላቆመም፤ ካቆመ እንደማይጀምር ያውቃል። "በዚህ ሠፈር ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። በተባለው ቦታ መንገድ ኖሮ አያውቅም። እኔም ሄጄበት አላውቅም።"

ከጀርባቸው አንድ ሰው ከሠራተኛዋ ጋር በማኅተም ይከራከራል።

"እንደገና አንብበው" አሉ።

እንደገና አነበበው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ።

"ባለቤቴ ችሎት ውስጥ ነበር? ስትናገር?"

"ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር።"

"እያየህ።"

"እያዩኝ።"

እትዬ ንድፉን ፈልገው በእጃቸው ደበሱት፣ ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ። አልጮኹም፣ አላለቀሱምም። "እሱ የደበቀኝ ለእኔና ለሚስትህ ብሎ ነው" አሉ። "አንተስ ለምን ብለህ ነው?"

ለዚህ ጥያቄ አሥራ ሁለት ዓመት መልስ ሲያዘጋጅ ኖሯል። ልጆቹ ትንንሾች ነበሩ። ሰውየው ጉልበተኛ ነበር። እሱ ባይመሰክር ሌላ ይመሰክር ነበር። ሁሉም ልሳኑ ላይ መጡ።

"ለሱቄ ብዬ" አለ።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በመስማማት ይሁን በመናቅ አልለየውም። ሠራተኛዋ መጥታ፣ "ጨረሳችሁ? የትኛውን ገጽ ልገልብጥ?" አለች።

"የመጨረሻውን" አሉ እትዬ። "ሌላውን የሰማሁት ይበቃኛል።"

ግልባጩ ማኅተም ተመትቶበት መጣ። እትዬ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ብድግ አሉ። እሱም አብሮ ተነሣ።

"ላድርስዎ እትዬ።"

"መንገዱን አውቀዋለሁ።" ትንሽ ሄደው ዞሩ። "ሚስትህ ደጅ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። እንዴት ሆነላችሁ ትለኛለች። ምን ልበላት?"

ተዉት፣ እኔ እነግራታለሁ ሊል ነበር። እንደማይነግራት ግን ራሱን ያውቀዋል፤ ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ እያለ ሌላ አሥራ ሁለት ዓመት ያልፋል።

"የሰሙትን ይንገሯት" አለ።

እትዬ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ወጡ። ሰዓት ሠሪው እስኪርቁ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ተጠጋ፤ እሷ ፋይሉን እያሰረች ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድሮ የመሰከረ ሰው፣ ቃሌ ውሸት ነበር ቢል የት ነው የሚያመለክተው?"

"ሦስተኛ ፎቅ፣ የችሎት ጽሕፈት ቤት። በጽሑፍ ነው፣ በመሐላ።" ክሩን አጠበቀች። "ግን ለላከህ ሰው ንገረው፤ በሐሰት መመስከር ያስከስሳል። ነገ ጉድ ሠራችሁኝ እንዳይል፣ በደንብ አስቦ ይምጣ።"

"የላከኝ ሰው የለም" አላት፤ ደረጃው በየት በኩል እንደሆነም ጠየቃት።